በሱቅ የማይሳሳተው ልጅ በደብተር ላይ ለምን ይሳሳታል?

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ገርጂ አካባቢ አነስተኛ ሱቅ ያለኝ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ታናሿ ሴት ናት። የ11 ዓመት ወንድ ልጄ እስከ 4ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት በአማርኛ ሲማር ቆይቶ፣ ዘንድሮ 5ኛ ክፍል ሲገባ በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት አዛወርነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ሒሳብ 38 አምጥቷል፤ ከ46 ተማሪዎች 41ኛ ወጥቷል። አባቱ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ የሚቆጣው በስልክ ነው። እኔ ማታ 2 ሰዓት ሱቁን ዘግቼ የቤት ሥራ እናሠራለን ስንል እስከ 4 ሰዓት እንቆያለን፤ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በለቅሶ ነው። ሰርቪሱ ጠዋት 12:30 ስለሚመጣ 11:30 ላይ እቀሰቅሰዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ሳየው ከ200 ላይ 137 ቀንሶ ‹137› ብሎ ጽፏል። ይህ ልጅ እኮ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ መልስ ሲሰጥ አንድ ብር አያሳስትም! ተናድጄ በኩርኩም መታሁት፤ ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ሲያወጣ የሚያየው እጄን ነው። እኔም ትምህርት ያቆምኩት 10ኛ ክፍል ላይ በሒሳብ ምክንያት ነው፤ በዘር ይሆን እላለሁ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የጎረቤት ልጅ በወር እየተከፈለው ሊያስጠናው ፈቃደኛ ነው። አስጠኚ ልቅጠርለት? ወይስ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቱ ልመልሰው? ይቅርታ ብጠይቀውስ ይበላሽብኛል? እናት ከገርጂ።»

ውድ እናት፣

ከ20 ዓመት በላይ ሒሳብ ሳስተምር ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሲያማክሩኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡልኝ ቁጥር ውጤትና ደረጃ ነበር። እርስዎ ግን 38ንም 41ኛንም ከነገሩኝ በኋላ፣ ከሁለቱም በላይ የሚጠቅመኝን አንድ ነገር ጨምረዋል፤ ልጁ የሠራውን ስህተት እንዳለ ጽፈውልኛል። ከ46 ልጆች 41ኛ መውጣቱ ስለ ሌሎቹ 45 ልጆች እንጂ ስለ እርሱ ብዙም አይነግረኝም፤ ከ200 ላይ 137 ሲቀነስ 137 ይቀራል ብሎ መጻፉ ግን ምን እያሰበ እንደሠራው ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። ስለዚህ ከጠየቁኝ ጥያቄዎች በፊት፣ ሳይጠይቁኝ ካለፉት ከዚህ ስህተት ልጀምር።

ልጅዎ የሠራው እንደዚህ ነው። 200ን ከላይ፣ 137ን ከታች ጻፈ። ከቀኝ ሲጀምር ከላይ 0፣ ከታች 7 አገኘ፤ ከ0 ላይ 7 መቀነስ ስለማይቻል ትልቁን ከትንሹ ለይቶ «7 ሲቀነስ 0፣ 7» አለ። በአስር ቤትም እንዲሁ «3 ሲቀነስ 0፣ 3» አለ፤ በመቶ ቤት «2 ሲቀነስ 1፣ 1» ብሎ ጨረሰና 137 ወጣለት። በግዴለሽነት የተጻፈ መልስ አይደለም። «ከላይም ይሁን ከታች ትንሹን ከትልቁ እቀንሳለሁ» የሚል የራሱ ሕግ አለው፤ ይህ ሕግም መበደር በማያስፈልግባቸው የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ጥያቄዎች ላይ ሁሌም ትክክል ስለነበር እስካሁን ይዞት ቆይቷል። በተለይ ከላይ ያሉት አሃዞች ዜሮ ሲሆኑ፣ ለመበደር አስር ቤትን አልፎ እስከ መቶ ቤት መሄድ ስለሚያስፈልግ፣ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። ይህን ስህተት የሠራ ልጅ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ አልገባውም ማለት አይቻልም፤ የተንሸራተተው 3ኛ ክፍል አካባቢ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተማረው ሁሉ የተሠራው በዚያ ላይ ነው።

አሁን ሱቁን እንመልከት። አንድ ደንበኛ የ137 ብር ዕቃ ገዝቶ 200 ብር ሲሰጠው ልጅዎ ምን እንደሚያደርግ ልብ ብለው አይተውት ያውቃሉ? እንደምገምተው ከሆነ ምንም አይቀንስም። ከ137 ይነሣና 3 ብር ጨምሮ 140 ያደርሰዋል፣ ከዚያ 60 ብር ጨምሮ 200 ይሞላል፣ 63 ብሩንም ለደንበኛው ይሰጣል። እርስዎም የሚያደርጉት እንደዚሁ ነው። ይህ «የሱቅ ብልሃት» ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ መቀነስ ማለት በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት መፈለግ መሆኑን ልጁ በሚገባ ተረድቶታል ማለት ነው። ያልተረዳው ነገር ቢኖር፣ ደብተር ላይ አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድሮ የሚጻፈው ነገር ከዚሁ ከሱቁ ሥራ ጋር አንድ መሆኑን ነው። በቋንቋችን ሱቅ ላይ የሚመለሰውም ደብተር ላይ የሚጻፈውም ያው «መልስ» መባሉ ለእርሱ እስካሁን ምንም አልነገረውም።

ይህ በእርስዎ ልጅ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸር እና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በገበያና በመንገድ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆችን አጥንተው ነበር። ተመራማሪዎቹ እንደ ደንበኛ ቀርበው ዋጋና መልስ ሲጠይቋቸው ልጆቹ 98 በመቶ የሚሆነውን በትክክል ሠሩ። ያንኑ ስሌት ወረቀት ላይ ታሪክ ባለው ጥያቄ መልክ ሲያቀርቡላቸው ወደ 74 በመቶ ወረዱ፣ ቁጥሩን ብቻ ሲሰጧቸው ደግሞ 37 በመቶ ብቻ አገኙ። ልጆቹ አንድ ናቸው፣ ስሌቱም አንድ ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። እንግዲህ የልጅዎን 38 ካዩ በኋላ «በዘር ይሆን» ሲሉ፣ ይህንን በሱቅዎ በየቀኑ የሚያዩትን ማስረጃ ወደ ጎን ትተው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምመክርዎ፣ ደብተሩን ወደ ሱቁ እንዲያመጡት ነው። አንድ የተሳሳተውን ጥያቄ ብቻ ይምረጡና ደብተሩን ሳይከፍቱ «200 ብር ሰጥቼህ የ137 ብር ዕቃ ብወስድ ስንት ትመልስልኛለህ?» ብለው ይጠይቁት። 63 ሲልዎት «እንዴት አወቅህ?» ይበሉት፣ ያወራውንም ራሱ በወረቀት ላይ እንዲጽፈው ያድርጉ፤ 137፣ 140፣ 200፣ በመሃል 3 እና 60። ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩ የሚከፈተው። ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ትክክል እንደሆነ እርስዎ አይንገሩት። 137 እና 137 እንዲደምር ብቻ ይጠይቁት፤ 274 ሲወጣለት ከ200 ብር ተነሥቶ 274 ብር ሊሆን እንደማይችል የነጋዴ ልጅ አያጣውም። የቀነሰውን መልሶ በመደመር ማረጋገጥን ከለመደ፣ ከዚያ በኋላ ስህተቱን የሚያገኘው እርስዎ ወይም መምህሩ ሳትሆኑ እርሱ ራሱ ነው። መበደር የሚባለውን ደግሞ በብር ኖት ያሳዩት፤ አንዱን ባለ 100 በዐሥር ባለ 10 መዘርዘር፣ ከዐሥሩ አንዱን ደግሞ በአንድ ብር ሳንቲሞች መዘርዘር ነው። ሱቅዎ ውስጥ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ሱቅ ሲሮጥ የሚያደርገው ይኸው አይደል?

ቀጥሎ የቋንቋው ጉዳይ አለ፣ ይህም በደብዳቤዎ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ቢሆንም ከውጤቱ ትልቁን ድርሻ የያዘ ይመስለኛል። ልጅዎ አራት ዓመት «ሒሳብ» ሲማር ቆይቶ በመስከረም ድንገት «ማትስ» የሚባል ነገር ገጠመው። በአማርኛ «ከ200 ላይ 137 ሲቀነስ» ስንል ትልቁ ቁጥር ቀድሞ ይመጣል፤ ልጁም በሰማው ቅደም ተከተል ይጽፈዋል። በእንግሊዝኛ ግን «ሰብትራክት 137 ፍሮም 200» ይባላል፤ በሰማው ቅደም ተከተል ከጻፈው ተገልብጦ ይቀመጣል። በአማርኛ «አሥራ ሦስት» እና «ሠላሳ» የሚምታቱ ቃላት አይደሉም፤ አሥራ ሦስት ሲባል አሥርና ሦስት መሆኑ ከቃሉ ይሰማል። «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» ግን ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ልጅ አንድ ናቸው። «ፕሮዳክት» የሚለውን ቃል ፈተና ላይ አይቶ፣ ዕቃ ማለት ነው ብሎ የተሳሳተ ተማሪ ራሴ አጋጥሞኛል፤ የባለሱቅ ልጅ ቢሆን ኖሮ ከማንም ይልቅ አልፈርድበትም ነበር።

ለዚህ የሚሆን አንድ ትንሽ ደብተር ይግዙለት፣ ከሒሳቡ ደብተር የተለየ። በየቀኑ ከክፍል ያመጣውን አንድ ወይም ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፍበት፤ ከጎኑ አማርኛውን፣ ከአማርኛው ጎን ደግሞ አንድ አጭር ምሳሌ በቁጥር። «ሰም» ድምር ነው፣ «ዲፈረንስ» ልዩነት፣ «ፕሮዳክት» ብዜት፣ «ኳሸንት» ድርሻ፣ «ሪሜይንደር» ቀሪ። ከዚህ ጋር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር የጎረቤት ልጅ ካለ የ4ኛ እና የ5ኛ ክፍል የአማርኛ የሒሳብ መጽሐፍ ተውሰው ያምጡለት። መምህሩ አዲስ ምዕራፍ ሊጀምር ሲል፣ ልጁ ያንኑ ርዕስ በአማርኛው መጽሐፍ አስቀድሞ አንብቦት ቢሄድ፣ ክፍል ውስጥ የሚታገለው ከቋንቋው ጋር ብቻ ይሆናል፤ አሁን ግን ከቋንቋውም ከሐሳቡም ጋር በአንድ ጊዜ እየታገለ ነው። የግል ትምህርት ቤት ከፍለው ለምን ወደ አማርኛ መጽሐፍ ይመለሳሉ የሚል ዘመድ ከመጣ አይስሙት። ልጁ በቤት ውስጥ የሚያስበው በአማርኛ ነው፣ እርስዎም በአማርኛ ነው የሚያስረዱት፤ የገባው ሐሳብ በሁለተኛ ቋንቋ ሊነገር ይችላል፣ ያልገባው ሐሳብ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይነገርም።

የማባዛት ሰንጠረዡንም ይፈትሹ፤ መቀነስ ላይ ክፍተት ያለው ልጅ ማባዛት ላይ ባይኖረው ይገርመኛል። ሰንጠረዡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጩኸት ማስነብነብ ግን ጉልበት መጨረስ ነው። ባለ 1፣ ባለ 2፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ማባዛትን ልጅዎ ከብር ጋር ስላደገ ያውቀዋል። 6 ሲባዛ በ8 እና 8 ሲባዛ በ6 አንድ መሆኑን ከተቀበለ ደግሞ፣ እስከ 10 ካለው ሰንጠረዥ ውስጥ በእርግጥ መያዝ የሚቀሩት 21 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ እንደ 3 ሲባዛ በ3 ያሉትን አስቀድሞ እንደሚያውቃቸው አልጠራጠርም። በሳምንት ሦስት ሦስት ብትይዙ ሰባት ሳምንት ይፈጃል፣ ማለትም ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጋመስ ታበቃላችሁ። ሦስቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ከሚዛኑ አጠገብ ይለጥፉት፣ ሱቅ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ይጠይቁት፤ ያወቀውን አውጥተው ሌላ ይተኩ።

ክፍልፋይ ደግሞ በዚህ ክፍል ብዙ ቦታ የያዘ ስለሆነ፣ ስህተቱ ከመምጣቱ በፊት ልንገርዎት። ልጆች አንድ ሦስተኛ እና አንድ አራተኛ ሲደምሩ ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታሕቱን ከታሕቱ ደምረው ሁለት ሰባተኛ ይላሉ። ሁለት ሰባተኛ ከአንድ ሦስተኛ ያነሰ መሆኑን፣ ማለትም ጨምረው ጨምረው እንዳሳነሱት አያዩትም። እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆኑ ጥሩ ቃላት አሉን፤ ሲሶ እና ሩብ። ሩብ ኪሎ ቡና በየቀኑ ይመዝናሉ፤ ሲሶ ኪሎ የሚል ደንበኛ ግን የለም፣ ሚዛኑም አያውቀውም፤ ስለዚህ ለሲሶ ወራትን ይጠቀሙ። ጳጉሜን ለጊዜው እንርሳትና፣ የዓመት ሲሶ ስንት ወር ነው? አራት። የዓመት ሩብስ? ሦስት። አንድ ላይ ሰባት ወር፣ ከ12 ወር ሰባቱ፣ ሰባት ዐሥራ ሁለተኛ። ይህን በጣቱ ከመስከረም ጀምሮ የቆጠረ ልጅ፣ መምህሩ «የጋራ ታሕት» ሲል ምን ለማለት እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ትንሽ እከራከራለሁ። በደብዳቤዎ መሠረት ልጁ ማታ 4 ሰዓት የቤት ሥራውን ጨርሶ 4:30 ላይ ቢተኛ እንኳ፣ 11:30 ላይ ሲቀሰቀስ የተኛው ሰባት ሰዓት ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። ልጅዎ እንግዲህ በየሌሊቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጎድልበታል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲደመር 10 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሌሊት ነው። በደከመ አእምሮ ማታ 3 ሰዓት ላይ የሚደረግ ሁለት ሰዓት ጥናት ከሰዓት በኋላ ከሚደረግ ግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው ብል አልተጋነነም። ጥናቱን በብዙ ቀን በትንሽ በትንሹ መከፋፈል በአንድ ጊዜ ከመጫን እንደሚበልጥም ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን እየፈተነ አሳይቷል፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት «እናካክሳለን» የሚለው ሐሳብ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ሱቅዎ ከማታ 12 እስከ 2 ሰዓት የሚደምቅ መሆኑን አውቃለሁና ቀድመው ይዝጉ አልልዎትም። ይልቁንም የቤት ሥራው ከገበያው በፊት ይለቅ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መክሰስ ይብላ፣ ውጭ ትንሽ ይሩጥ፣ ከዚያ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ ከባንኮኒው ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣችሁም ቢሆን መቀመጫ አዘጋጅታችሁ፣ 25 ወይም 30 ደቂቃ ሒሳቡን ይሥራ። በየቀኑ ያው ሰዓት፣ ያው ቦታ ይሁን፤ «ዛሬ መቼ ነው የምናጠናው?» የሚለው ጭቅጭቅ ራሱ ከጥናቱ የበለጠ ኃይል ይበላልና። ስልክዎ በዚያ ግማሽ ሰዓት ከእርሱ አጠገብ አይሁን፤ ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ የሚልከው በቴሌግራም ከሆነ፣ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ገልብጦ ስልኩን ይመልስልዎ። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ የቤት ሥራው ባያልቅም ያቁም፣ የቀረበትም ላይ «እስከዚህ ሠርቷል፣ ይህ አልገባውም» ብለው በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ይጻፉለት። ይህን የሚያህል ሐቀኛ ማስታወሻ የሚያገኝ መምህር ጥቂት ነው። እራት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበላ፣ ቦርሳው ማታውኑ ይዘጋጅ፣ እርስዎ 2 ሰዓት ሱቁን ሲዘጉ ልጆቹ ታጥበው ይጠብቁዎት፤ 2:30 ላይ ቢተኛ ዘጠኝ ሰዓቱ ሞላ ማለት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የሻማ ሥር ጥናትም በዚሁ ቀረ።

«እኔም ትምህርት ያቆምኩት በሒሳብ ምክንያት ነው» ብለዋል። ሱቅ የሚያስተዳድር ሰው፣ ጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ የሚሸጥ፣ ትርፉን በቃሉ የሚያሰላ፣ ዕቁቡ በስንት ወር እንደሚደርሰው የሚያውቅ ሰው ይህን ሲል ልጁ ምን እንደሚማር ያስቡት፤ ሒሳብ ማለት እናቴ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ሳይሆን እናቴን ከ10ኛ ክፍል ያስቀራት ነገር ነው ማለትን ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የታተመ አንድ ጥናት፣ ሒሳብን የሚፈሩ ወላጆች የቤት ሥራ ላይ አዘውትረው ሲረዱ፣ ልጆቻቸው በዓመቱ ውስጥ የተማሩት ሒሳብ አነስተኛ፣ ፍርሃታቸውም የበዛ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል፤ ብዙም በማይረዱት ዘንድ ግን ይህ አልታየም። ይህን የምነግርዎ ከልጁ እንዲርቁ አይደለም፤ የአስተማሪነቱን ቦታ እንዲለቁና ሌላ ቦታ እንዲይዙ ነው። እርስዎ የሚጠይቁ ይሁኑ። «ይህን እንዴት ሠራኸው? እኔ በእንግሊዝኛው አልገባኝም፣ አስረዳኝ» ይበሉት፤ ውሸት አይደለምና ልጁም ያምንዎታል። ሲያስረዳ አያቋርጡት። ልጅ ጮክ ብሎ ሲያስረዳ ስህተቱ ከራሱ አፍ ሲወጣ ይሰማዋል፤ መሃል ላይ ቆም ብሎ «ቆይ…» የሚልበትን ጊዜ ይጠብቁ። ያ «ቆይ» ከአስተማሪ የአንድ ሰዓት ማብራሪያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

መምህሩን ያነጋግሩ፣ ግን ካርድ በሚሰጥበት ቀን አይሁን። በዚያ ቀን ወላጅ ተሰልፎ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ በማይደርስበት፣ «ልጄ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ትኩረት ይጎድለዋል» ይባላሉ፤ እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። በሌላ ቀን ቀጠሮ ይዘው የፈተና ወረቀቱን ይዘው ይሂዱና ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ከተሳሳታቸው ጥያቄዎች ውስጥ ስንቶቹ ጥያቄውን ካለመረዳት፣ ስንቶቹ ከስሌት የመጡ እንደሆኑ፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ምን እንደሆነ፣ ልጁ በአማርኛ በቃል ቢያስረዳ መምህሩ የሚሰማው እንደሆነ። ከ200 ላይ 137 የቀነሰበትን ገጽ ያሳዩት። የተማሪ ስህተት ላይ ፍላጎት የሌለው የሒሳብ መምህር ብዙ አላየሁም፤ ጊዜ ያጡ ግን ብዙ ናቸው።

ስለ አስጠኚው፣ አሁን አይቅጠሩ እላለሁ፤ ቢያንስ ሁለት ወር ከላይ ያልኩትን ሞክሩ። ከዚያ በኋላ አስፈላጊ ሆኖ ካገኙት በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ በቅድመ ሁኔታም ይሁን፤ አስጠኚው የዕለቱን የቤት ሥራ አይሥራለት፣ የ3ኛና የ4ኛ ክፍሉን ክፍተት ይድፈን፣ እርሳሱም በልጁ እጅ ይሁን እንጂ በአስጠኚው እጅ አይሁን። ደብተሩ በድንገት ንጹሕና ሁሉም ትክክል ሆኖ ከመጣልዎ ይጠርጥሩ። እንደዚያ ያለው አስጠኚ ሁለት ጊዜ ያስከፍልዎታል፤ አንዴ በወሩ መጨረሻ፣ አንዴ በፈተናው ቀን።

ወደ ድሮ ትምህርት ቤቱ መመለሱን በዓመቱ አጋማሽ አልመክርም። ጓደኛ፣ መምህር እና ሰርቪስ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መለወጥ ራሱን የቻለ ሸክም ነው። በተጨማሪም በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡ፣ ቢመለስ ይህንኑ ግንብ ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኘዋል። በሌላ በኩል የሚቀጥለው ዓመት የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ያለበት ስለሆነ፣ የወርሃዊ ክፍያው ቤቱን የሚያናጋ ከሆነ ወይም ልጁ ክረምት ሲቃረብም ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው ከሆነ፣ ውሳኔውን ሰኔ ላይ ከአባቱ ጋር ሆነው እንደገና ይዩት። መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ ጊዜው ግን አሁን አይደለም።

ለአባቱ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ለዚህ ሴሚስተር ይተወው። እርሱ በመንገድ ላይ ያለ ሰው በመሆኑ ከማንም የተሻለ የሒሳብ ጥያቄ አለው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብነዳ መቼ እደርሳለሁ? ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ አራት ሰዓት ቢይዘኝስ? አንድ ጥያቄ በአንድ ስልክ፣ መልሱንም ልጁ በሚቀጥለው ጥሪ ይንገረው። አባት የሚናፍቅ ልጅ ይህን ጥያቄ ይዞ ይተኛል። ታናሽ እህቱን ግን «እይ፣ እሷ እንኳ» ብለው ምሳሌ አያድርጉበት፤ ይህን ከፈተና ውጤትም በላይ ያስታውሰዋል።

በመጨረሻ የጠየቁኝ ይቅርታውን ነው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚቀድመው እርሱ ነበር። ደብተሩን ሲያወጣ እጅዎን የሚያይ ልጅ፣ የአእምሮው ግማሽ ያለው እጅዎ ላይ ነው፤ በቀረው ግማሽ መበደርም መቀነስም አይቻልም። ይቅርታ ይጠይቁት፤ አይበላሽም። «እኔ ያላወቅኩትን ነገር አንተ ባለማወቅህ መታሁህ፣ አጥፍቻለሁ» ማለት ይበቃል፣ ምክንያት አይጨምሩበት፣ «አንተም ግን» የሚል ጭራም አይቀጥሉለት። ይህንንም ደብተሩ ባልተከፈተበት ሰዓት፣ ምናልባት ሱቁን ዘግታችሁ አብራችሁ ስትወጡ ያድርጉት፤ በዚያ ማታም ስለ ሒሳብ ምንም አያንሡበት።